ከወገራ ደጋ እስከ ጣና፦ የአየር ንብረትን በወንዝ ማስተማር

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምባጊዮርጊስ ሲደርሱ ነፋሱ ይለወጣል፤ ጋቢ የያዘ ይደርባል፣ ያልያዘ አንገቱን በኮቱ ውስጥ ይቀብራል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስና የባቄላ ማሳ ነው። በዚህ በወገራ ደጋ፣ ወደ ደቡብ ባዘነበለው ተዳፋት ላይ የሚጥለው ዝናብ መገጭን ሞልቶ በጎንደር ግርጌ ያልፋል፤ የደንቢያን ሜዳ አቋርጦም ጣና ይገባል። ዳባትን አልፎ ደባርቅ ላይ የሚጥለው ግን ጣናን ሳያይ ይቀራል። በምሥራቅ የወረደው በተከዜ፣ በምዕራብ የወረደው በአንገረብ አድርጎ ወደ አትባራ ይሄዳል። የሐይቁ ውኃና የተራራው ውኃ አንድ የሚሆኑት ሱዳን ውስጥ፣ ከካርቱም በታች፣ አትባራ ከዓባይ ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ ነው።

በአንድ መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ የያዙ ሁለት ተማሪዎች እንግዲህ የሁለት ወንዝ ልጆች ናቸው። የአምባጊዮርጊሱ ልጅ ሐይቁን በዓይኑ ባያየውም የሐይቁ ሰው ነው፤ አባቱ ካረሰው ማሳ የታጠበ አፈር ጣና ውስጥ አለ። የአየር ንብረት ለውጥን ለዚህ አካባቢ ልጆች ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጉዳዩ በጂኦግራፊም በባዮሎጂም ቦታ አግኝቷል፤ ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ይጀምራል፤ ከሚቀልጠው የዋልታ በረዶ፣ ባሕር ከሚውጣቸው ደሴቶች። ተማሪው ሸምድዶ ይጽፋል፣ ነጥቡን ይይዛል፣ ደብተሩን ይዘጋል። በደጁ የሚያልፈው ወንዝ በጉዳዩ ውስጥ እንዳለበት ሳይነገረው ክፍል ይዛወራል።

ከከፍታው እንጀምር። አየር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1 ሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል። ደባርቅ የተቆረቆረችው 2 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍለው ባወጡት የሊማሊሞ መንገድ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርድ ሰው 1 ሺህ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይሄዳል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አባዝቶ የሙቀቱ ልዩነት 10 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ያገኘዋል። መልሱን ሰውነቱ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሊማሊሞን በአይሱዙ ጭነት ላይ ሆኖ የወረደ ሁሉ ሹራቡን የትኛው ጠመዝማዛ ላይ እንደሚያወልቅ ይናገራል።

አሁን ሒሳቡን ይገልብጠው። አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ የትናንቱ ቅዝቃዜ የሚገኘው 150 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያባዛቸው 200 ሜትር ይመጣል። በግርድፉ ሲታይ ቆላውም ወይና ደጋውም ደጋውም በአንድ ሰው ዕድሜ 200 ሜትር ሽቅብ ተራምደዋል ማለት ነው። ወባም አብራ ትወጣለች። በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ተራሮች የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደምትዘልቅ በቁጥር አሳይቷል። የደጋ ሰው «ወባ የቆላ በሽታ ናት» እያለ ለዘመናት ተጽናንቶ ኖሯል፤ የዳባትና የደባርቅ ልጅ ያ መጽናኛ እስከ መቼ እንደሚያዘልቅ በክፍሉ ሊወያይበት ይገባል።

ገብስ ሽቅብ ሊዘራ ይችል ይሆናል። የዋልያው ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጅብራ፣ የጓሳ ሣር፤ እነዚህ ሁሉ ብርዱን ተከትለው ከወጡ በኋላ ተራራው ያልቅባቸዋል። ራስ ደጀን 4 ሺህ 550 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። ዋልያ ደግሞ ከሰሜን ተራሮች በቀር በየትም የዓለም ክፍል በዱር አይገኝም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ መሆኑን ተማሪዎች ያውቁታል፤ ይኮሩበታልም። ከኩራቱ ቀጥሎ ይህ የከፍታ ሒሳብ ቢነገራቸው ፓርኩን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ተራራው የቀድሞውን ዘመንም መዝግቦ ይዟል። በቧሂትና በራስ ደጀን ዙሪያ በበረዶ ዘመን የነበሩ የበረዶ ግግሮች እየገፉ የከመሯቸው የድንጋይ ክምሮች ዛሬም ይታያሉ። ጣናም ቢሆን የዘላለም ሐይቅ አልነበረም። ከሐይቁ ወለል ሥር የወጣው ደለል ሲመረመር ከ15 ሺህ ዓመታት በፊት፣ ያ የበረዶ ዘመን እየተገባደደ ሳለ፣ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ይህን የሰማ ንቁ ተማሪ እጁን ማንሣቱ አይቀርም፤ አየሩ ድሮም ይለዋወጥ ከነበረ የአሁኑ ምን አዲስ ነገር አለው? ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቁጣ ሊታለፍ አይገባም። የያኔው ለውጥ ሺህ ዓመታት ፈጅቷል፤ የአሁኑ በአያቱ ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነው። ምክንያቱም ታውቋል። ፋብሪካዎች ከመስፋፋታቸው በፊት በአየር ውስጥ ከሚገኝ ከእያንዳንዱ ሚሊዮን ቅንጣት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበረው 280 ያህሉ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በልጧል። የጨመረው ደግሞ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ቃጠሎ የወጣ ነው።

ወደ ሐይቁ እንውረድ። ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ፀሐይ ብዙ ትወስድበታለች፤ በትነት የሚሄደው ውኃ በላዩ ላይ ከሚዘንበው ይበልጣል። ጎዶሎውን የሚሞሉት ወንዞች ናቸው። ከወንዞች የሚያገኘውን ውኃ አብዛኛውን የሚያስገቡለት አራት ናቸው፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ። ስለዚህ የሐይቁ ዕጣ የሚወሰነው ከሐይቁ ዳር ይልቅ በላይኛው አገር ነው።

ይህን ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በሰኔ መጀመሪያ ጎርፍ የደፈረሰ የወንዝ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ መስኮት ላይ ማሳደር ይበቃል። አሸዋው ገና ጠርሙሱ ከመቀመጡ ወደ ሥር ይሰምጣል። ከዚያ በላይ ደቃቁ ደለል በቀስታ ይተኛል። ሲነጋ ጠርሙሱ ከታች ጥቁር ቡናማ፣ ከመሐል ፈዘዝ ያለ ሽፋን ሠርቶ ይገኛል፤ ላዩ ግን አሁንም ወተት የነካው ሻይ መስሎ ይቆያል። ያ የማይጠራው ክፍል ሸክላው ነው፤ ቀናት ቢቆጠሩም አይሰምጥም። መገጭ ጣና አፍ ላይ ሲደርስ አሸዋውን እዚያው ይጥላል፤ ሸክላው ግን ሐይቁ ውስጥ ይሰራጭና ብርሃን ወደ ታች እንዳይገባ ያግዳል። ተመራማሪዎች የውኃውን ጥራት የሚለኩት ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን በገመድ አውርደው ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት በመመዝገብ ነው። ተማሪዎች ይህንኑ ከቀለም ቆርቆሮ ክዳን ሠርተው በኩሬ ወይም በግድብ ውኃ ሊሞክሩት ይችላሉ።

ደለሉ ዓሣውንም ይነካዋል። የጣና ሰው ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን በሐይቁ ውስጥ 17 ዓይነት ዘር አለው፤ ከእነዚህ 15ቱ ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ከመካከላቸው በክረምት ወንዝ ሽቅብ እየወጡ የሚራቡ አሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው፤ ጠጠሩን ጭቃ ሲለብሰው እንቁላሉ ይታፈናል። እርከን ያልተሠራለት የወገራ ማሳ እንዲህ አድርጎ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ከሚቀርበው ዓሣ ጋር ይገናኛል። ይህን መስመር በካርታ ላይ በጣቱ የተከተለ ልጅ ሐይቁ የሌላ አገር ጉዳይ ነው ሊል አይችልም።

እዚህ ላይ ግን መምህሩ ቆም ማለት አለበት፤ ለእኔ የትምህርቱ ዋና ቦታም ይኸው ነው። ያን አፈር ያጠበው የአየር ንብረት ለውጥ ነው? የሞቀ አየር ብዙ እርጥበት ስለሚይዝ ዝናቡ በአንድ ጊዜ በርትቶ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ተዳፋቱን ያረስነው፣ ዛፉን የቆረጥነው፣ ግጦሹን ያበዛነው እኛው ነን። በየምክንያቱ የድርሻውን መስጠት የሚችል ተማሪ ማውጣት መቶ ትርጉም ከማሸምደድ ይበልጣል።

ጣና ለዚህ ልምምድ የሚሆን እውነተኛ ጉዳይ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ የጀልባ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀደም ባለው በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ አንሶ ነበር። ግን ሌላም ነገር ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከሐይቁ የሚለቀቀው ውኃ ጨመረ። ድርቅና የሰው ውሳኔ ተደርበው ሐይቁን አጎደሉት። ተማሪው የአንዱን ብቻ ቢጽፍ ግማሽ መልስ ነው የጻፈው።

እንቦጭም እንዲሁ ነው። ይህ የደቡብ አሜሪካ አረም በጣና መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለዘመቻ የወጣው ሕዝብ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል። አረሙ ሙቀት ይወዳል፤ ከሙቀት በላይ ግን የሚወደው ከማሳ ታጥቦ የሚመጣውን ማዳበሪያና ከከተማ የሚለቀቀውን ቆሻሻ ነው። ምግቡ እስከ መጣለት ድረስ ነቅለን አንጨርሰውም።

ወደ ሰሜን ተራሮች ስንመለስ ጥያቄው ይበልጥ ይጠጥራል። የአስታ ዛፍ ወሰን ከቀድሞው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ የድሮውን ከአሁኑ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ሙቀቱ ነው ያወጣው? ወይስ አካባቢው ፓርክ ከሆነ ወዲህ ምሳርና እሳት ስለቀነሰ? የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከሰፈሩ በኋላ በሥፍራው የሚያገግመው ሣርስ ለየትኛው ምክንያት ይጻፍ? እ.ኤ.አ. በ2019 ፓርኩን ያቃጠለው፣ ከኬንያና ከእስራኤል ሳይቀር እርዳታ የተጠየቀበት እሳትስ? እነዚህን የሚመልስ አንድ አረፍተ ነገር የለም። የደባርቅ ልጅ ግን ከማንም በላይ ለመጠየቅ ቅርብ ነው፤ ከግጭ የመጡ ልጆች የክፍል ጓደኞቹ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁሉን ነገር በአየር ንብረት ለውጥ የሚያሳብብ ሰው የጨረጨራን መዝጊያ፣ የማረሻውንና የከተማውን ቆሻሻ ከተጠያቂነት ያወጣቸዋል። ሁሉን በገበሬው የሚያሳብብ ደግሞ ለሁለት መቶ ዓመት ከሰል ያነደዱትን ነጻ ይለቃል። ሁለቱም ለልጆቻችን የማይገባ ትምህርት ነው።

በጃናሞራ የሚገኙት የመካነ ብርሃን ተማሪዎች ሐይቅ ግን ጣና አይደለም። ከጃናሞራና ከበየዳ የሚወርዱት ወንዞች ተከዜ ይገባሉ፤ በተከዜ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ቆሟል። ከጀርባው የተኛው ውኃ ሰው የሠራው ሐይቅ ነው፤ ከተራራው የታጠበ አፈርም እዚያ ይጠራቀማል። የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ወደ ነገሡባት ወደ ደረስጌ ማርያም ይወስዳሉ። የጂኦግራፊ መምህሩ በዚያው ጉዞ አብሮ ቢሄድና ልጆቹን በየወንዙ መሻገሪያ አቁሞ «ይህ ውኃ የት ይገባል?» ብሎ ቢጠይቅ ለአንድ የጉዞ ወጪ ሁለት ትምህርት ይገኛል።

ለእነዚህ ልጆች ስለ ድርቅ ማስተማር ግን ጥንቃቄ ይሻል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ከድቶ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ሰው ለረሃብ ከብት ለሞት ተዳርጓል። ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ቀርተዋል፤ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ በላዩ ላይ የትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። ከዚያ ተርፎ ክፍል የተቀመጠ ልጅ የድርቅን ትርጉም ከሰሌዳ መገልበጥ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የደረሰበትን ነገር የሚያስረዳ ዕውቀት ነው። የክረምቱ ዝናብ በሩቁ ሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት እንደሚናጋ፣ ይኸው ኤልኒኖ የሚባለው ክስተት እ.ኤ.አ. በ2015 ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያንን ለእርዳታ እንደዳረገ ይወቅ። ጥፋቱ የእናቱና የአባቱ እንዳልሆነም ይወቅ። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ 0.2 ቶን አይሞላም፤ የዓለም አማካይ ከ4 ቶን በላይ ነው። ይህን ቁጥር ሳይሰሙ «አካባቢያችንን እንጠብቅ» የሚለውን መፈክር ብቻ የሚሰሙ ልጆች ያላጠፉትን ጥፋት ተሸክመው ያድጋሉ።

ችግኝ መትከሉም በልኩ መታየት አለበት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ተማሪው ለአረንጓዴ አሻራ ይወጣል፤ መልካም ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በብዙ ቦታ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሥራ ማለት መትከል ብቻ ሆኗል። የተተከለው ስንት ጸደቀ? የትኛው ዘር በየትኛው ከፍታ ያዘ? ባሕር ዛፉ ምንጩን ምን አደረገው? ጥር ላይ ተመልሶ ቆጥሮ የሚመዘግብ ክበብ ነው የሚያስተምረው።

ሽማግሌዎችንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የሰባ ሰባቱን ድርቅ ያዩ ሰዎች በየመንደሩ አሉ። ገብስ መቼ ይዘራ እንደነበር፣ ውርጭ በየትኛው ወር ይመታ እንደነበር፣ የትኛው ምንጭ በበጋ ይደርቅ እንደነበር ይነግራሉ። ልጆች ይህን በአማርኛ ይቅረጹት፣ በአማርኛ ይጻፉት፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም መምህሩ ይህን አይከልክል። ትዝታ ግን መለኪያ አይደለም። አንድ ከባድ ዓመት በልብ ውስጥ አሥር ለዘብተኛ ዓመታትን ይሸፍናል። የአየር ንብረት አማካይ የሚሰላው በ30 ዓመት መዝገብ ነው። በኢትዮጵያ የሙቀቱ መጨመር ጎልቶ ሲታይ የዓመታዊው ዝናብ ጠቅላላ መጠን ግን ከዓመት ዓመት እጅግ ስለሚዋዥቅ ግልጽ አቅጣጫ ማውጣት አስቸጋሪ ሆኗል። ሽማግሌው «ዝናቡ ቀነሰ» ሲሉ የቀነሰው መጠኑ ነው፣ ወይስ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን ነው የተዛባው? መልሱ ያለው በሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት መዝገብ ነው። ያ መዝገብ በየአካባቢው ተቆርጦ ለትምህርት ቤቶች ቢሰጥ፣ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም ለመምህራኑ አነባበቡን ቢያሳይ ብዙ ወጪ የለውም።

ተማሪዎቹ ራሳቸውም ይለኩ። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ተቆርጦ፣ የተቆረጠው አናት እንደ ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ ይገባበታል። ሥሩ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠርና ጥቂት ውኃ ተጨምሮ ይስተካከላል፤ ከዚያ መስመር ጀምሮ ማስመሪያ በጎኑ ይታሰራል። ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ተደግፎ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ይነበባል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ ልጁ የቤቱን የቆርቆሮ ክዳን ስፋት ለክቶ በአንድ ሌሊት ስንት ጀሪካን ውኃ እንደፈሰሰ ያሰላል።

እዚህ ላይ የሚገጥመው ችግር ከትምህርት ካሌንደሩ የሚመጣ ነው። ትምህርት መስከረም ተጀምሮ ሰኔ ላይ ያበቃል፤ የደባርቅና የዳባት ዝናብ ደግሞ በአብዛኛው የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በትምህርት ቤት ግቢ የተተከለ መለኪያ ዋናው ዝናብ ሲመጣ አንባቢ የለውም። ስለዚህ መለኪያው ከልጁ ጋር ወደ ቤት ይሂድ። ግንቦት ላይ ይሠራ፣ ሰኔ ላይ በክፍል ንባቡ ይለመድ፣ ትምህርት ሲዘጋ እያንዳንዱ ተማሪ ጠርሙሱንና አንድ የተሰመረ ደብተር ይዞ ወደ ቀበሌው ይመለስ። መስከረም ላይ መምህሩ የወረዳውን ካርታ በሰሌዳው ላይ ይሣል፤ ልጆቹም እየተነሡ የየመንደራቸውን ቁጥር በየቦታው ይጻፉ። ቁጥሮቹ አይመሳሰሉም። ከገደሉ አፋፍ ያለው መንደርና ከሥሩ ያለው መንደር፣ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታው ተራራና ከጀርባው የተሸሸገው ሸለቆ የተለያየ ዝናብ አግኝተዋል። የዓመቱ የመጀመሪያ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ «ለምን ተለያየ?» በሚል ጥያቄ ይከፈት።